ማንኪያ የሌለበት ገበታ

ጁበይል፣ ሳዑዲ አረቢያ
ማርች 18 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ ለቤ ዱማን፣

እዚያ በረዶው ቀልጦ የወንዙ ድምፅ መሰማት የጀመረበት ጊዜ ነው። የክረምቱን ቅዝቃዜ በደህና ተሻገሩት? ጉልበትዎን ያመዎት ነበር፣ እንዴት ሆነልዎት? ብስክሌት መጠገኛ ቤትዎስ ሰው አላጣም? እኔ በእናቴ ምርቃትና በእርስዎ ቀልድ ተደግፌ ደህና ነኝ። እዚህ ገና በማርች እኩለ ቀን ላይ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም፤ ሌላው ሁሉ ግን ይቻላል።

ይህን ደብዳቤ በቤት አድራሻ ሳይሆን በመጠገኛ ቤትዎ በኩል የላኩት እናቴም የልጄ የቦራም እናትም እንዳያዩት ብዬ ነው። ኮንትራቴ በጁን መጨረሻ ያልቃል። አለቆቼ ሁለት ዓመት እንድጨምር ጠይቀውኛል፤ እስከ ጁን አሥራ አምስት ድረስ መፈረም ወይም መተው አለብኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እንደሚያውቁት፣ ከፈረምኩ ኮንትራት ሳራዝም ይህ ሦስተኛዬ ይሆናል። ሁለት ዓመት ብታገሥ የራሳችን ቤት ይኖረናል፤ ጣሪያው የማያፈስ፣ ለእናቴ ለብቻዋ ክፍል ያለው ቤት። ይህን እያሰብኩ እተኛለሁ፤ ሌላ ነገር እያሰብኩ እነቃለሁ።

ልጠይቅዎት የፈለግኩት ይህን ነው። ለአዲስ ዓመት በላኩት ካሴት ላይ ለቦራም «አባዬ ሲመጣ መጀመሪያ አብረን የምንሄደው ዴጆን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ወዳለው በርገር ቤት ነው» ብያት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሄደው መጥተዋል አሉ፤ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ በልጆች ቀን እናቴን፣ የቦራምን እናትና ቦራምን ይዘው በእኔ ፈንታ ይሂዱልኝ። ለባቡሩና ለምሳው የሚሆን ከዚሁ ጋር ልኬያለሁ። እዚያ ሄዳ ከበላች ቃሌ ቢያንስ በግማሹ ተፈጸመ ማለት ነው። ያን ጊዜ ብፈርምም ያን ያህል አይከብደኝም።

ከተመለሱ በኋላ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። የቦራም እናት ደብዳቤ እያጠረ ሄዷል። የመጨረሻው አራት መስመር ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ ስለ ዝናብ ናቸው።

ጉልበትዎን ከብርድ ይጠብቁ።

የእህትዎ ልጅ
ያንግ ቻንግሺክ

*

ዮንግዶንግ
ኤፕሪል 6 ቀን 1984

ከአሸዋ ጋር ለተጋባው የእህቴ ልጅ ለቻንግሺክ፣

ፀሐይዋ አናትህን ትታ መንገድህን ታብራልህ። እናትህ ደህና ናት፣ ጥርሷ ብቻ ነው የከዳት። ሚስትህና ልጅህ ደህና ናቸው። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ስለሚያስጠነቅቀኝ ሬዲዮኑን ሽጬዋለሁ።

ትናንት የመቃብር መጠየቂያ ቀን ስለነበር አባትህ ዘንድ ወጥቼ ሣሩን አጨድኩለት። የሩዝ ጠጅም አፈሰስኩለትና «ልጅህ ደህና ነው፣ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ጸጉሩ ግን ሳይመለጥ አይቀርም» አልኩት። ዝም አለ። በሕይወት እያለም እንዲሁ ነበር፤ የእኛ አገር ሰው እሺ ለማለት ሦስት ቀን፣ እምቢ ለማለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል።

ምስጢርህን ተቀብያለሁ። ምስጢር ጠባቂነቴን ታውቃለህ፤ ባለፈው ጊዜ የነገርከኝን ያወቀው እኔ፣ ፖስተኛውና የገበያ ቀን ሰው ብቻ ነው። የአሁኑን ግን በእውነት ውጬዋለሁ።

ግብዣህን አደረስኩ። እናትህ በር ላይ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እትዬ፣ በልጆች ቀን ዴጆን እንሄዳለን» አልኳት።

«ምን ልናደርግ?»

«በርገር ልንበላ።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ዳቦ ነው፣ መሐሉ ሥጋ አለበት።»

«ዳቦ ለመብላት ባቡር? ሩዝ አይሰጡም?»

«አይሰጡም።»

«እሺ፣ ታዲያ ምሳ የምንበላው የት ነው?»

ቦራም ይህን ስትሰማ ከጓሮ እየበረረች መጣች። «ማነው የሚወስደን?» አለች። «አባትሽ ነው የጋበዘን! ሌላ ማን አለ?» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሮጣ ገባችና ቀይ ካልሲዎቿን አውጥታ ትራሷ ሥር አስቀመጠች። ገና አንድ ወር ይቀራል ብንላት ማን ሰምቶን።

ሚስትህ ምንም አልጠየቀችም። ጎመን እየከተፈች ነበር። «በልጆች ቀን ነው? ጥሩ» አለችና መክተፏን ቀጠለች። ያ ጎመን በጣም ደቀቀ።

እኔ የምጠግነው ብስክሌት ነው እንጂ ቃል አይደለም። ግማሹ ብቻ የተፈጸመ ቃል በስንት ጎማ እንደሚነዳ አላውቅም። ቢሆንም እሺ ብያለሁ፣ እንሄዳለን።

እስከዚያ ጥላ ሥር ሁን።

አጎትህ ዱማን

*

ዮንግዶንግ
ሜይ 8 ቀን 1984

ለጋባዣችን ለክቡር ያንግ ቻንግሺክ፣

ያበላኸን ሁሉ ተመልሶ በጤና ይግባልህ። ሄደን በልተን ተመልሰናል፣ የጠፋ ሰው የለም። እንግዲህ ውሃህን ቅዳና ተቀመጥ፣ ይህ ረጅም ነው።

እናትህ «ሰው አገር ሄጄ ባዶ ዳቦ አልውጥም» ብላ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ ያቦካችውን ጎመን፣ አንድ ማሰሮ ኪምቺ፣ በጨርቅ ቋጥራ ያዘች። ባቡሩ ሲሞቅ ማሰሮው መተንፈስ ጀመረ። ኦክቾን ጣቢያ ሳንደርስ ፊት ለፊታችን የተቀመጠው መምህር የሚመስል ሰው መስኮት ከፈተ፣ ቀጥሎ ኮቱን አወለቀ፣ በመጨረሻም «እማማ፣ ይህ የእርስዎ ነው? የእናቴን ይመስላል» ብሎ አጥብቆ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ዴጆን ድረስ እንደ ዘመድ ሲያወሩ ሄዱ።

በርገር ቤቱ ከጣቢያው ፊት ለፊት ነው። በር የሚባለው መስታወት ነው፣ በከፈቱት ቁጥር ቃጭል ይጮኻል። የልጆች ቀን ስለሆነ ዴጆን ያለ ልጅ ሁሉ እዚያ ነበር። ሰልፍ ቆመን፣ ወረቀት ቆብ ካደረገች ልጅ ፊት ደረስን። «ስንት?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት እናትህ ከኋላዬ «አምስት» አለች። አራት ነን። ቢሆንም አምስት ተባለ፣ አምስት ሆነ። እዚያ ቤት ሳትበላ ነው የምትከፍለው። እኔ ስድሳ ዓመት የኖርኩት በተቃራኒው ነው፤ እንዲያውም አንዳንዴ በልቼም አልከፈልኩም።

ምግቡ በወረቀት ተጠቅልሎ መጣ፣ ተቀመጥን። የቤታችንን ሥርዓት አልረሳህም መቼም፤ ትልቅ ሰው ማንኪያ ሳያነሣ ማንም እጁን አይዘረጋም። እኛ እናትህን እንጠብቃለን። እናትህ ደግሞ ማንኪያው እስኪመጣ ትጠብቃለች። በዚያ ቤት ማንኪያ የሚባል ነገር የለም። እኔ እንደሌለ ግድግዳው ላይ ካለው ሥዕል ገብቶኛል። ዝም አልኩ። ኃጢአቴን ታውቃለህ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማቋረጥ አልወድም።

አሥር ደቂቃ ሄደ። የጎረቤት ገበታ ላይ ያሉት ተማሪዎች በልተው ጨረሱና እኛን መመልከት ጀመሩ። እናትህ እንደ ሙሽራ እናት ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ባለ ቆቧ ልጅ ጨነቃትና መጣች።

«እማማ፣ ምነው? አልተስማማዎትም?»

«ኧረ አይደለም ልጄ። ሥራ እንደበዛባችሁ እያየሁ ነው፣ አትቸኩዪ። ማንኪያው ሲደርስ እንበላለን።»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያ አየሁ። ብልህ ልጅ ናት፤ ሄደችና አይስክሬም የሚበላባትን ትንሽ የፕላስቲክ ማንኪያ በሁለት እጇ አቀረበች። እናትህ ማንኪያዋን አነሣች፣ የዳቦውን አናት በክብር ነካ ነካ አደረገች፣ መልሳ አስቀመጠችና «በሉ» አለች።

ተማሪዎቹ ሊያጨበጭቡ ምንም አልቀራቸው።

ከዚያማ ምን ልንገርህ! እናትህ በርገሩን እንደ ሰዓት ፈታታችው። ሥጋውን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ፣ ዳቦውን ለሌላ ቀን። ማሰሮው ሲከፈት ቤቱ በሙሉ ዞረ። ሚስትህ ኪምቺውን ከሥጋው ጋር ዳቦው መሐል አስገብታ አንድ ጊዜ ገመጠች፤ «ይሄ እንዲህ ነው መሸጥ የነበረበት» አለች። ተማሪዎቹ እያፈሩ ሳህን ይዘው መጡ፣ አካፈልናቸው። ድንች ሲያልቅባት እናትህ ባለ ቆቧን ጠርታ «ልጄ፣ ይቺን ጨምሪልን» አለቻት። ሌላ ቦታ ሁሉ ከምግብ ጋር የሚመጣ አጃቢ በነጻ ይጨመር የለ? ልጅቷ ጨመረች። ኋላ ሳይ ከራሷ ምሳ ነው የቀነሰችው። ማሰሮው ውስጥ የቀረውን ኪምቺ ለእሷ ትተንላት ወጣን።

አምስተኛውን በርገር እናትህ በመሀረብ ጠቅልላ አመጣችው። ማታ ማታ ላንተ የምታስቀምጠውን ሩዝ ታውቃለህ፤ አራት ዓመት ሙሉ ክዳን ገጥማ፣ ከሥሩ በእሳት በሚሞቀው ወለል ላይ፣ ብርድ ልብስ ሥር። በርገሩም እዚያ ገባ። ሦስት ቀን ከረመ። እንደ ሥርዓቱ የተቀመጠ ምግብ አይጣልም፣ አንድ ሰው ይበላዋል። ያ ሰው እኔ ሆንኩ። ዛሬ የምጽፍልህ ሆዴን ይዤ ነው።

ቦራም ቀይ ካልሲዎቿን አድርጋ ነበር፣ አምሮባት ነበር።

ሁሉም ሰላም ይሉሃል።

አጎትህ ዱማን

*

ጁበይል
ሜይ 21 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ሆድዎ አሁን ተሽሎት እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። ክፍላችን ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። አጠገቤ የሚተኛው ሆ ፒልጉ የሚባል የኖንሳን ሰው ማንኪያዋ ላይ ስደርስ ከአልጋው ወደቀ። እኔም ሳቅኩ። እንዲህ ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

ሁሉም ከተኙ በኋላ ግን መልሼ አነበብኩት። ሦስት ገጽ ጽፈውልኛል። ስለ እናቴ አለ፣ ስለ ኪምቺው አለ፣ ስለማያውቁት መምህር እንኳ አለ። ስለ ቦራም ያለው አንድ መስመር ነው፣ እሱም ስለ ካልሲዋ ነው። በላች? ወደደችው? ምን አለች?

አጎቴ፣ አባቴ የሞተ ቀን ትምህርት ቤት መጥተው የወሰዱኝ እርስዎ ነበሩ። መንገዱን ሙሉ ስለ ጎረቤት አውራ ዶሮ አንድ ረጅም ቀልድ ነገሩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ቤት ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀልድዎ ሲረዝም እፈራለሁ።

ቅጹ ተሰጥቶኛል፣ ትራሴ ሥር ነው። እስከ አሥራ አምስት ድረስ ጊዜ አለኝ። የተዉትን እባክዎ ይጻፉልኝ።

ቻንግሺክ

*

ዮንግዶንግ
ጁን 2 ቀን 1984

ቻንግሺክ፣

ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም። ይህን ቀድመህ እወቅና ከዚያ አንብብ።

ቦራም አልበላችም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። «አባትሽ ነው የጋበዘን» ብያት ነበር፣ ለጨዋታ። ልጅ ደግሞ ያየውን ነው የሚያውቀው። እዚህ ሰፈር ግብዣ ሲኖር ጋባዡ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ በር ላይ ቆሞ ይቀበላል፣ አብሮ ይቀመጣል፣ ይከፍላል። ጋባዡ ያልተገኘበት ግብዣ አይታ አታውቅም። በዚያ ላይ አንተ ራስህ በካሴት «ስመጣ በርገር ቤት» ብለሃታል። ወደ በርገር ቤቱ ከሄድን አባቷ መጥቷል ማለት ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፣ ስህተት የለበትም።

ያቺን ፎቶግራፍህን ኪሷ ውስጥ ይዛ ነበር፤ ሄልሜትና ጥቁር መነጽር አድርገህ ክሬን ሥር የቆምክባትን። አንተን የምታውቅህ በእሷ ነው። ስትሄድ ሁለት ዓመቷ አልነበር?

የበሩ ቃጭል በጮኸ ቁጥር ወንበሯ ላይ ትቆማለች። የገባውን ሰው ታያለች፣ ፎቶውን ታያለች፣ ትቀመጣለች። መጀመሪያ የምትጫወት መስሎኝ ነበር። እናትህ «በሉ» ስትል ሁላችንም ጀመርን፤ የቦራም እጅ ግን ከጠረጴዛው ሥር ነው።

«ብይ እንጂ ቦራም፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

«ጋባዡ ሳይመጣ ይበላል እንዴ፣ አያ ዱማን?» አለችኝ።

እኔ የሰው አፍ ስዘጋ ስድሳ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ። የቻልኩት ድንቹን ወደ እሷ ማስጠጋት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ሦስት የስልክ መሥመር ሠራተኞች ገቡ። አንደኛው ሄልሜት አድርጓል። ሳንይዛት ከወንበሯ ወረደችና ፊቱ ሄዳ ቆመች። እጅ ነሣች። ፎቶውን በሁለት እጇ ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ያንግ ቻንግሺክ ነዎት?» አለችው።

እርስዎ ነው ያለችህ፣ ቻንግሺክ።

ሰውየው ደህና ሰው ነው። ሄልሜቱን አወለቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ፎቶውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ቁጢጥ አለ። ትኩር ብሎ አየው። «አይ፣ እኔ አይደለሁም» አላት። «ይህ ሰውዬ ከእኔ ይበልጥ መልከ መልካም ነው። ሥራው ከባድ ይመስላል፣ ዘግይቶ ይሆናል።»

«እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚዘገየው?»

ሰውየው ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እናትህ በርገሩን መፈታታቷን ተወች። ሚስትህ ተነሥታ «ነይ፣ እጃችንን እንታጠብ» አለችና ይዛት ሄደች። ቆዩ። ሲመለሱ የሁለቱም ፊት ታጥቧል። ሚስትህ ኪምቺ ከዳቦ ጋር የገመጠችውና ያ የነገርኩህ ቀልድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቦራምን ልታስቃት ብላ ነው። ሳቀች፣ ግን አልበላችም። ድርሻዋን ለተማሪዎቹ ሰጠች።

ስንመለስ እናትህና ቦራም ባቡሩ ውስጥ ተደጋግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ምስጢርህን መሸከም አልቻልኩም። ለሚስትህ ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ከጥቂት ወር ወዲህ ሲጽፍ ‹ስመጣ› ማለት ትቷል። ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ አጎቴ።»

«ታዲያ ለምን አትጽፊለትም?»

«ምን ብዬ? ቤቱን የፈለግነው ሁለታችንም ነን። ሂድ ያልኩትም እኔ ነኝ።» ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የቦራምን ካልሲ ከፍ አድርጋላት ቀጠለች። «እንዲመጣ ብለው አይጻፉለት። የቦራም ድንች ቀዘቀዘ ብለው ብቻ ይጻፉለት።»

ይኸው ጻፍኩ። የቦራም ድንች ቀዘቀዘ።

ብትፈርምም ባትፈርምም የእህቴ ልጅ ነህ። ከፈረምክ ለእናትህና ለቦራም የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ስለ አውራ ዶሮ ሳላወራ እነግራቸዋለሁ። ይህ ደብዳቤ ከአሥራ አምስት በፊት ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ፖስታ ቤቱ ድረስ በራሴ ብስክሌት ነው የምወስደው።

ዱማን

*

ዮንግዶንግ
ጁላይ 5 ቀን 1984

ለቻንግሺክ፣ ካለህ፣

ከጻፍኩልህ ሠላሳ ሦስት ቀን ሆነ። ዝናቡ ገብቷል፣ ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈስሳል፣ ሁለቱም ቦታ ላይ ገበቴ አለ። እናትህ ሩዝህን እያስቀመጠች ነው፤ እኔ ጠዋት ጠዋት የቀዘቀዘ ሩዝ ከመብላቴ የተነሣ ቦርጭ አውጥቻለሁ። የቦራም የፊት ጥርስ ወለቀ። ወፏ አዲስ እንድታመጣላት ጣሪያው ላይ ወረወርነው፤ ሁለት ጊዜ ተንከባሎ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ቀረ።

ሚስትህ አትጠይቀኝም። ፖስተኛው ሲመጣ ግን ውሃ ለመቅዳት የምትወጣው ሁልጊዜ ያን ሰዓት ነው። እኔም ዜና ያመጣ ይሆናል ብዬ ለሰውየው በየቀኑ ጎማ በነጻ እነፋለታለሁ። አንድ ቀን ይፈነዳበታል።

ፈርመህ ከሆነ ፈረምኩ በል። ቁጣ የለም። ብዙ ሰው ይፈርማል፣ ቤትም ይሠራል። ዝምታው ነው የከበደን። አባትህ ዝም ሲል ቢያንስ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ለማንም ደብዳቤ ስጽፍ ተመኝቼው የማላውቀውን ነገር ዛሬ እመኛለሁ፤ ይህ ወረቀት እዚያ ደርሶ ሳያገኝህ እንዲቀር።

ዱማን

*

ጁበይል
ጁላይ 16 ቀን 1984

ለማያውቁኝ ለተከበሩ ቤ ዱማን፣

ስሜ ሆ ፒልጉ ነው፣ የኖንሳን ሰው ነኝ። ሁለት ዓመት ከወንድሜ ከቻንግሺክ አጠገብ ተኝቻለሁ። የጁላይ አምስቱ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰ። ቻንግሺክ «ከሄድኩ በኋላ የሚመጣ ካለ ክፈተው» ብሎኝ ስለነበር ከፈትኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንደተመኙት አላገኘውም። ያለፈው ሐሙስ ጠዋት ሁለት ጊዜ ተላጭቶ ወደ እናንተ ተሳፍሯል።

ረጅሙ ደብዳቤዎ የደረሰው በጁን አሥራ ሦስት ነው። ግንበኞች ሻይ በሚጠጡበት ሰዓት ቆሞ አነበበው። ሻዩን አልጠጣም። በአሥራ አምስት ቅጹን ይዞ ወደ ቢሮ ሄደ፣ እስክሪብቶ የተዋሰው ከእኔ ነው። ሲመለስ «ፈረምክ ወይ?» አልነው። «እስክሪብቶው አልጽፍ አለኝ» አለን። ይኸው፣ የምጽፍልዎ በዚያው እስክሪብቶ ነው፤ ምንም አልሆነም።

ለምን እንዳልጻፈላችሁ ጠይቄዋለሁ። «ከጻፍኩ የምመጣበትን ቀን መቁረጥ አለብኝ። ከእንግዲህ እንዲህ አደርጋለሁ ብዬ አልጽፍም፤ በር ላይ ሲያዩኝ ይመኑ» ነው ያለኝ። እኔ እንኳ ቢያንስ ለሚስትህ ጻፍ ብዬው ነበር። «እሷ ታነባለች» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ክፍላችን ውስጥ ስድስት ቀርተናል። የአውሮፕላን መነሻ ሰዓቱን ስንጠብቅ ደብዳቤዎችዎን ለሁሉም አንብቦልን ነው የሄደው፣ የቀዘቀዘውን ድንች ጭምር። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ከአልጋው አልወደቀም።

እኔም ሴት ልጅ አለችኝ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኮንትራቴ በኦክቶበር ያልቃል፣ ቅጹም ተሰጥቶኛል። ስለዚህ ካላስቸገርኩዎት አንድ ነገር ይጻፉልኝ። ያ በርገር ቤት እሑድ እሑድ ይከፈታል? ሰልፉ ላይ ደርሼ ባለ ቆቧ «ስንት?» ስትለኝስ፣ ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር አለ? አለ ከተባለ ከአሁኑ ልለማመደው፤ ልጄ አጠገቤ ቆማ እያየችኝ እንዳልደናገር።

ሆ ፒልጉ